ለአንድ ዐይን ብዬ የቀረሁበት አገር

ከደባርቅ ልወጣ ያደርሁባት ሌሊት ቤቴ ሠርግ ቤት መስሎ ነው ያደረው። ደቀ መዛሙርቱ ቅኔ ይዘርፉልኛል፣ ጎረቤቱ ይመርቀኛል፣ የአጥቢያው ቄሶች ጠላውን እየደገሙ "ለመሆኑ ጀርመን ለጥምቀት ታቦት ያወጣል ወይ?" ይሉኛል። ባለቤቴ ማንጠግቦሽ ብቻ አንዲት ቃል አልወጣትም። ሻንጣዬን ስትከፍት ስትዘጋ፣ በሶውን አውጥታ መልሳ ስትከት ነጋ። መናኸሪያ ደርሰን የሚኒባሱ ረዳት "ጎንደር! ጎንደር! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ሲጮህ ግን ነጠላዬን ሳብ አድርጋ፣ "መሪጌታ፣ ሁለት ዓመት ብለዋል። እኔ እየቆጠርሁ ነው የምቀመጠው" አለችኝ።

"ቁጠሪ" አልኋት። "ሁለት ዓመት ምን አላት!"

ይኸንን የምጽፈው እዚያ ላላችሁት ለደባርቅና ለዳባት ሰዎች፣ ደግሞም እንደ እኔ ወጥታችሁ ለቀራችሁት ነው። "መሪጌታን ጀርመን ጣማቸው፣ ሚስታቸውን ጥለው ቀሩ" ይባላል አሉ። እስኪ አፋችሁን ያዝ አድርጉና መጀመሪያ ስሙኝ። የእኔ ጭንቅ አንድ ነው፦ ወደ ማንጠግቦሽ ልመለስ ወይስ የቀረችኝን አንዲት ዐይን ልጠብቅ? ሁለቱ አብረው አልሆን አሉኝ እንጂ መቅረት ፈልጌ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው የተጀመረው። ሚሌኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጀርመን ያሉ ልጆቻችን በአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን መሥርተው ኖሮ፣ አቋቋም የሚያስተምር መምህር ፈለጉ። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ አቋቋም ያስተማርሁ ነኝ። መቋሚያ ይዞ ከዜማው ጋር ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መዝመም ነው ሥራዬ፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ስልሳን ከተሻገርሁ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ጠሩኝ፣ ሄድሁ።

እዚህ የደረስሁ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ "የኔታ፣ ብርዱን እንዴት ይችሉታል?" ይለኛል። እኔን! የደባርቅን ሰው! ክረምት ለክረምት ከሊማሊሞ አፋፍ የሚወጣውን ጉም ተከናንቤ ማኅሌት የቆምሁትን! ብርዱንስ ቻልሁት፤ ያቃተኝ ዝምታው ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ አይቆምም፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው አይልም። ጥቁር ዳቦአቸውን ሳየው የእኛ የገብስ ቂጣ መስሎኝ ሆዴ ባባ፤ ብቀምሰው እንደ ሰነበተ ሊጥ ይኮመጥጣል። አላለቀስሁም እንጂ ከጅሎኝ ነበር።

የኖርሁት የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር በተከራየልኝ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አከራይቱ ፍራው ቬበር የምትባል ባልቴት ከእኔ በታች ትኖራለች። "ሩኸ" የምትል ቃል አለቻት፤ ጸጥታ ማለት ነው። ማታ ሩኸ፣ ቀትር ሩኸ፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ሩኸ። አንድ እሑድ ለብቻዬ መቋሚያዬን ይዤ ስዘም መጥታ በሩን ደበደበች። ደግነቱ ጌታነህ እኔ ዘንድ ነበር። ጌታነህ የዳባት ልጅ ነው፤ እዚህ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፣ የማኅበሩም ሰብሳቢ እሱ ነው፣ እኔ በሄድሁበት ሁሉ ምላሴም ጆሮዬም እሱ ነው።

"እንጨት እየፈለጡ ነው?" ትላለች፣ እሱ ይተረጉማል።

"የለም፣ እየጸለይሁ ነው።"

"በእንጨት?"

"አዎ፣ በእንጨት።"

"እግዚአብሔር ጆሮው ደህና ነው፤ እኔም እሰማለሁ" ብላ ወረደች። ተቀየመችኝ ስል በማግስቱ ወፍራም ምንጣፍ ተሸክማ መጣች፤ "እዚህ ላይ ይጸልዩ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን።

እንግዲህ ወደ ዐይኔ ልምጣ። በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ጌታነህ "የኔታ፣ መነጽር ያስፈልግዎታል" ብሎ ወደ አንድ ዐይን መመርመሪያ ወሰደኝ። እዚህ ሁሉ ነገር በቀጠሮ ነው፤ ቴርሚን ይሉታል። ቴርሚን ከሌላችሁ መሞትም አትችሉም። አንዲት ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቀኝ ዐይኔን ክፍት ትታ ግራዬን ሸፈነችና ከግድግዳው ላይ ሰሌዳ አሳየችኝ። የፈረንጅ ፊደል እንደማላውቅ ተነግሯት ኖሮ፣ በሰሌዳው ላይ ያለው ሦስት ጣት ያለው መንሽ የመሰለ ምልክት ብቻ ነው። አንዱ ጣቱን ወደ ላይ ዘርግቷል፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ። "ወዴት እንደዞረ በእጅዎ ያሳዩኝ" አለች።

እኔ በመቋሚያዬ አሳየኋት። ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። እስከ መጨረሻው፣ ትንኝ እስከሚያካክሉት ድረስ ወረድሁ። ልጅቱ ደስ አላት። ቀጥላ ቀኜን ሸፈነችና በግራው እንደገና ያሳዩኝ አለች።

አሁን ልብ በሉልኝ። በግራ ዐይኔ ስመለከት ከሰሌዳው መኻል ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ዳር ዳሩ ይታየኛል፣ መኻሉ የለም። እንባ ያቀረረብኝ መሰለኝ። እና ምን አስጨነቀኝ? ሰሌዳውን እኮ ይዤዋለሁ! ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፤ ይኸ ለአቋቋም መምህር ምኑ ነው? እኛ ቤት ተማሪ ለፈተና መምህሩ ፊት ሲቆም መጽሐፍ አያይም፤ ያየ ወድቋል። የተማረውን በቃሉ ይወጣዋል፣ መምህሩም ያን ጊዜ ነው "ተባረክ" የሚለው። ፈተና ብለውኛል፣ ተፈተንሁ። እንዲያውም ይበልጥ እንዲያምርልኝ ዐይኔን ጨፍኜ፣ መቋሚያዬን እያወዛወዝሁ ዘመምሁላት። ልጅቱ ፈገግ ብላ "ፕሪማ!" አለች፤ ግሩም ማለት ነው። ሁለቱም ዐይን ሙሉ ነው ብላ ጻፈች፣ የማንበቢያ መነጽር ሰጥታ ሸኘችኝ። እኔም ጌታነህን "አየኸው የደባርቅን ልጅ!" እያልሁ በኩራት ወጣሁ። እናንተዬ፣ ያን ለት እንዴት ያለ ደስታ ደስ እንዳለኝ!

ከዓመት በኋላ ጉዱ ፈላ። ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰላም ሲሉኝ ትከሻቸው ይታየኛል፣ ጆሯቸው ይታየኛል፣ ፊታቸው ግን ይጠፋብኛል። አንዱን በሌላው ስም እጠራለሁ። ሳላውቀው ያለፍሁት ሰው ደግሞ "መሪጌታ ኰሩብን" ብሎ አማኝ። ኧረ ምን ኩራት! የመብራቱ ምሰሶ እንኳ ወገቡ ላይ ጎብጦ ነው የሚታየኝ።

አንድ ቀን ፍራው ቬበር ፎቶ ይዛ መጣች። ልጇ ስሜን ተራራ ሄዶ ኖሯል። "ይኸው አገርዎ፣ ጨነቅ" አለችኝ። ጨነቅ የምንለውን የስሜን አፋፍ ስም ከእሷ አፍ ስሰማ ልቤ ዘለለ። ፎቶውን ተቀብዬ ባየው ገደሉ አፋፉ ላይ አለ፣ ሰማዩም አለ፣ መኻሉ ላይ ግን ጢስ።

"ጥሩ ፎቶ ነው፤ መኻሉን ጢስ ገብቶበት ነው እንጂ" አልኋት በምልክትም በተሰባበረ ጀርመንኛም።

ተቀብላኝ አየችው። እኔን አየችኝ። "ጢስ የለውም" አለች። "ዝንጀሮዎች ናቸው ያሉት፤ መኻሉን የሞሉት ዝንጀሮዎች ናቸው።" ወዲያው ስልኳን አንስታ ለጌታነህ ደወለች።

ጌታነህ የወሰደኝ የዐይን ሐኪም ዘንድ ነው፤ ሐኪሟ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ናት። መዝገቤን ከፍታ፣ "ከዓመት በፊት ሁለቱም ዐይንዎ ደህና ነበር" አለች። ቀኜን ሸፍና ሰሌዳውን በግራዬ አሳይ አለችኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ያንኑ ዘመምሁላታ! ላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ። ሐኪሟ ሰሌዳውን ተመለከተች፣ ጌታነህን ተመለከተች።

"ሰውዬው ምንድን ነው የሚያሳዩኝ?"

"ሰሌዳውን ነዋ" አልሁ።

"የትኛውን ሰሌዳ? ይኸ እኮ ሌላ ነው።"

ጌታነህ ሲተረጉምልኝ አንገቱን ደፋ። እኔም በቃሌ እንደያዝሁት፣ እኛ ዘንድ ፈተና እንደዚያ እንደሆነ አስረዳኋት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። "እኔ የምፈትነው እርስዎን አይደለም፣ ዐይንዎን ነው" አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። ቀልቤ ተገፈፈ።

ጠብታ ጨመሩብኝ፣ በክንዴ ቢጫ ቀለም ሰደዱብኝ፣ አገጬን መሣሪያ ላይ አሳርፌ የዐይኔን ጀርባ በፎቶ አነሱት። ከዚያ አስቀምጣ ነገረችኝ። በዐይን ጀርባ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ ፊት የምንለይባት፣ ፊደል የምናይባት እሷ ናት። በእርጅና ጊዜ ትደክማለች። ድካሙ ሁለት ዓይነት ነው፤ ደረቅና እርጥብ ይሉታል። ደረቁ ቀስ እያለ ነው የሚሄድ። የእኔው እርጥቡ ነው፤ ከበስተኋላ ክፉ የደም ሥሮች በቅለው ያፈሳሉ፣ ማኩላዋን ያበላሻሉ። የግራው ጠባሳ ሆኗል፣ አይመለስም። ቀኙ ግን ገና መጀመሩ ነው።

"የግራው ያኔ ቢታወቅስ ኖሮ?" አልኋት።

"ምናልባት የተወሰነውን እናተርፈው ነበር" አለች።

ሕክምናው መርፌ ነው። የት ነው አትሉም? ዐይን ውስጥ! "ዐይን አጠገብ ማለትህ ነው?" ብዬ ጌታነህን ብጠይቀው፣ "የለም የኔታ፣ ውስጡ" አለኝ። በስመ አብ! እግሬ አውጪኝ ብዬ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ። በኋላ ግን ተኛሁላቸው። ያደነዝዙታል፣ ሽፋሽፍቱን በብረት ይይዙታል፣ "ወደ ላይ ይመልከቱ" ይላሉ፣ ጭምቅ የሚያደርግ ነገር ይሰማችኋል፣ ከዚያ ጥቋቁር አረፋ ዐይናችሁ ውስጥ ይዋኛል። በማግስቱ አሸዋ የገባበት ይመስላል። በየወሩ ገደማ ይኸው ነው። ይኸውላችሁ ምሰሶው ቀና አለ! የሰው ፊት ተመለሰ! ፍራው ቬበር አፍንጫዋ ላይ ኪንታሮት እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ሐኪሟን "መቼ ነው የሚያበቃው?" ብዬ ጠየቅኋት።

"እየሠራ እስካለ ድረስ አያበቃም። ካቋረጡት ይኸኛውም እንደ ግራው ይሆናል።"

እግር ብረት ገባልኝ ማለት ነው። ሁለቱ ዓመት አለቀ። ማንጠግቦሽ ቆጥራ ጨርሳለች። "መቼ ነው?" ትለኛለች በስልክ። በጌታነህ በኩል ጎንደር አስጠየቅሁ፤ ምርመራው ይቻላል፣ መርፌውን በየጊዜው ማግኘት ግን እንጃ አሉ፤ አዲስ አበባ ይሞክሩ አሉ። ከደባርቅ አዲስ አበባ በየወሩ! በዚህ ጉልበቴ፣ በዚያ መንገድ!

የማኅበሩ ውል ስላለቀ የመኖሪያ ፈቃዴም አለቀ። የውጭ ሰዎች ጉዳይ ቢሮ ሄድን። ሰውየው ወጣት ነው፣ ጢሙን በደንብ ተላጭቷል፣ የሐኪሟን ወረቀት አገላበጠና ጠየቀኝ።

"ሲድኑ ይመለሳሉ?"

"አይድንም አሉኝ።"

"የማይድን ከሆነ ለምን ይታከማሉ?"

"እንዳይጠፋ።"

"እንደማይጠፋ መቼ ነው የሚታወቀው?"

"ስሞት" አልሁት።

ጌታነህ ይኸን ልተርጉም አልተርጉም ብሎ ዐየኝ። "ተርጉም" አልሁት። ሰውየው አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጻፈው። ዱልዱንግ የሚሉት ወረቀት ሰጠኝ። መታገሥ ማለት ነው ትርጉሙ፤ አገሩ ለጊዜው ይታገሥሃል እንደማለት። ከአገር ከወጣሁ ግን ያው ወረቀት ውድቅ ነው፣ መመለስ የለም። ለጥቂት ሳምንት ሚስቴን አይቼ ልምጣ ብል ዐይኔን ጥዬ መሄዴ ነው።

"እንግዲያው ባለቤቴ ትምጣልኝ" አልሁት።

"በዚህ ወረቀት ሚስት አትመጣም። በፊተኛው ፈቃድዎ ቢጠይቁ ኖሮ እንኳ ጀርመንኛ ተፈትና ማለፍ ነበረባት።"

ማንጠግቦሽ ደባርቅ ገበያ ላይ ቁጭ ብላ ጀርመንኛ ስታጠና ታየችኝና ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየውም ሳቀ። ሁለታችንም እየሳቅን፣ እኔ ዕንባዬ ይወርዳል።

ያን ለት ደውዬ ሁሉን ነገርኋት። እሷ መርፌውን ከቶ አልወደደችውም። "ዐይን የሚወጋ ሐኪም ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ይምጡ። ቢጠፋስ ቢጠፋ! እኛ አገር ዐይነ ስውር የኔታ የለም? ማንም የናቃቸው የለ፤ በትራቸውን ተማሪ ይዞላቸው፣ አገር ተነሥቶ ነው የሚቀበላቸው። እኔ እመራዎታለሁ።"

እውነቷን ነው። እኔም ከእንዲህ ያሉ ሰው እግር ሥር ነው የተማርሁት። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ግራዬ ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ መኻሉ ባዶ የሆነ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የማንጠግቦሽን ፊት እንደዚያ አድርጌ ላያት አልፈልግም። ዐይኔን የምጠብቀው እሷን ለማየት ነው፤ እሷን ለማየት ደግሞ ዐይኔን መጣል አለብኝ። እንዲህ ያለ እስር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ ክፍት ነው፤ ማንም አልያዘኝም። መውጣት ብቻ አልቻልሁም።

እንዲህ እያልን ጊዜው ሄደ። ደባርቅ የተውኋቸው ደቀ መዛሙርቴ ወደ ሌላ መምህር ሄዱ። ለገና ይመጣሉ? ትላለች ማንጠግቦሽ፤ እስኪ እንጃ እላለሁ። ለፋሲካስ? እስኪ ሐኪሟን ልጠይቅ እላለሁ። በኋላ በኋላ መጠየቁንም ተወችው፤ ስለ ገብሱና ስለ ጉልበቷ ብቻ ትነግረኝ ጀመር። እኔም መተዋን ወደድሁት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ መልስ መስጠት ሰልችቶኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ሚስኮል አደረገች። እሷ እሑድ ደውላ አታውቅም። ካርድ ሞልቼ ደወልሁላት።

"እንዴት ሰነበቱ መሪጌታ? ዐይንዎስ?"

"እግዜር ይመስገን፣ እንዳለች አለች። ጉልበትሽስ?"

"ጉልበቴንስ ተዉት። አንድ ነገር ላማክርዎ ነበር።" ትንፋሽዋ ይሰማኛል። "ልመንኵስ አስቤያለሁ።"

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ተወልዳችሁ ለምታነቡት ልጆች ግን ልንገራችሁ። እኔና እሷ በቁርባን ነው የተጋባነው። በቁርባን ከተጋቡት አንዱ ቆብ ልድፋ ቢል፣ ሌላው በቃሉ መፍቀድ አለበት። ከፈቀደ ወዲያ ባልና ሚስት መባል የለም። ብመለስ እንኳ የማገኘው ማንጠግቦሽን ሳይሆን እማሆይን ነው።

"የንስሐ አባታችን የመሪጌታን ቃል ሳልሰማ አይሆንም አሉኝ" አለች። "ምን ላድርግ? ባል አለኝ እንዳልል ቤቴ ባዶ ነው። መበለት ነኝ እንዳልል ባሌ በስልክ ይናገራል። ጎረቤቱም ሲጠይቀኝ ምን እንደምል ጠፋኝ። ቢያንስ ቆቡን ብደፋ ማን እንደሆንሁ አውቃለሁ።"

አንጀቴን በላችው። እምቢ ልበል? በምን አፌ? ሁለት ዓመት ብዬ ስንት ዓመት ያስቀመጥኋትን ሴት፣ አሁንም እዚያው ተቀመጪ ልበላት? እኔ ታስሬያለሁ፤ እሷንስ ከእኔ ጋር ማሰር ምን የሚሉት ጭካኔ ነው? ለዚች ሴት አንድ ደግ ነገር ላድርግላት አልሁ በልቤ። ድምፄ ሳይሰበርብኝ ልጨርሰው ብዬ፣ ቶሎ ብዬ ተናገርሁት።

"ፈቅጃለሁ። እግዜር ይቀበልሽ።"

ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ።

"ማንጠግቦሽ?"

"አለሁ።"

ከበስተኋላዋ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

"እንዲህ ቶሎ?" አለችኝ። "እኔስ እምቢ ብለው የሚመጡ መስሎኝ ነበር።"

ካርዴ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ እሷም ስልኩን አልዘጋችው፣ እኔም አልዘጋሁት።